ስለት

ከሞጣ ገበያ፣ ከመጋዘኑ ጓሮ፣
ምስማሩ የበዛ አለ አንድ ቆርቆሮ።
ጧት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ባለሦስት እግሩን ተከልሁት በርጋታ።
ሁለት ሌንስ አለኝ፣ ሰፊ ዓይን ሁለቱም፣
የትኛው ስል እንደሁ ለይቼ አላውቅም።

አንዱ ቋሚ ሌንስ ነው፤ አይሰፋ፣ አይጠብም፣
ከተሠራበት ልክ ንቅንቅ አይልም።
ሌላው ዙም ነው፤ ቀለበቱን ሲያዞሩት
ተራራውን ጎትቶ ያቆማል ከፊት።

ቋሚውን የሸጠልኝ መንገድ ቀያሽ ነበር፣
ሥራው አልቆ ሲሄድ፣ ለጫማ በሚሆን ብር፤
ዙሙን ከባሕር ዳር፣ በዕቁቤ ገንዘብ፣
አቅፌው ነው የመጣሁ ሳላስነካው ለሕዝብ።
የውድ ነገር ፍቅር ዓይን ያስጨፍናል፣
ሰው በከፈለው ልክ ስል ይመስለዋል።

ቀዳዳውን ከፈትሁ እስከ መጨረሻው፣
መልሼ አጠበብሁት ስምንት እስኪሞላው፤
ማታ መብራት መጣ፤ ሳይሄድ ተሽቀዳድሜ
ኮምፒውተሩን ከፈትሁ ከወንበሩ ቁሜ።

መካከሉን አየሁ፤ ምንም አይለያይ፣
የመዶሻው ጠባሳ ከምስማሩ አናት ላይ
በዙሙም፣ በቋሚው፣ ቁልጭ ብሎ የሚታይ።
ወደ ጥጉ ስሄድ፣ ወደ ዳርቻው ግን፣
ቋሚው ይቆጥራል ምስማር ምስማሩን፤
ዙሙ ቀባብቶታል፣ ዝናም እንደነካው ቀለም፣
ምስማር ነው? ዝንብ ነው? የሚለይ የለም።

ይህን ጊዜ ነው ይታይሽ ትዝ ያለችኝ።

የምንይችል ሠርግ ዕለት፣ ጥር ማለቂያ ግድም፣
ሠላሳ ሰባት ሰው አሰልፌ በዙም፣
«ጠጋ በሉ!» ስል፣ ሁሉም ሲጋፋ ወደ መካከል፣
እሷ ከወዲያ ጥግ፣ ካጥሩ ሥር፣ ገለል።
ለሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣
መጣች ሱቄ ድረስ።
ጣቷን በፎቶው ላይ፣ ከሙሽራው ጀምራ፣
ወሰደችው ወደ ዳር፣ ሰው በሰው ቆጥራ፣
ካንዲት ጭጋግ ዘንድ ስትደርስ ቆመች።
«ይህች እኔ ነኝ?» አለች።

«ትንሽ ስለተንቀሳቀስሽ ነው» አልኋት።
ዋሸኋት።
ምስማር እንኳ ጠፍቷል ከዚያ ጥግ፣ ሳይነቃነቅ!
ይታይሽ የሚሏት፣ ለራሷም ሳትታይ፣
አመስግናኝ ወጣች፣ ስልቻዋ ትከሻዋ ላይ።

ያን ሌሊት ተሳልሁ።
እንደ ቢላም በሉት፣ እንደ ሥዕልም በሉት፣
እንደ ባለ ስለትም፤ የወደዳችሁትን ውሰዱት።

ዙሙን አልረግምም፤ በፈረስ ጉግስ ቀን ያለ እሱ ማን አለኝ?
በቋሚው ብሞክር ጅራት ብቻ ደረሰኝ።
ቋሚው እግር ይፈልጋል፤ አንተ ነህ የምትሸሽ፣
ባንድ ክርስትና ላይ ወደ ኋላ ስሸሽ
ድንች ማሳ ውስጥ ወደቅሁ።
ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ፣ ከወደቅሁበት አነሣሁት፤
ያን ፎቶ ነው ሱቄ በር ላይ የሰቀልሁት።

በማግስቱ ቋሚውን አንግቼ ቤቷ ሄድሁ።
ግድግዳዋ ጭቃ ነው፣ ገና የተለሰነ።
«ነይ ቁሚ» አልኋት። ነጠላዋን አጣፋች፣
ያን ሁሉ ግድግዳ ባዶውን ትታ
ሄዳ ከጥጉ ቆመች።
«ወደ መካከል ነይ፣ ማንም የለም እኮ።»
«እዚሁ ይሻለኛል» አለች።

አልተከራከርሁም። አነሣሁ።

ማታ ጥጉን አጉልቼ አየሁት፦
ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል፤ ያንገቷ ንቅሳት፣
ከጥለቷ ጫፍ ያመለጠች አንዲት ክር፣
ከቅንድቧ በላይ የልጅነት ጠባሳ
(እዚያ መኖሩን በዓይኔ አላየሁም ነበር)።
ከዚያ ወደ መካከሉ መለስሁ።
እሱም ጥርት ብሏል፤
የጭዱ ስንጥር፣ የለሳኟ መዳፍ አሻራ፣
አንድ ሰው የሚያቆም ስፍራ፣
ባዶ።

ለማን እንደተወችው ልጠይቃት እያልሁ
እስከ ዛሬ አለሁ።